«በል እስቲ!» ማለቱን ለጊዜው እንተወው

የዚህ እትም ደብዳቤዎች ተመካክረው የተላኩ ይመስላሉ። ሰባት ሰው ጽፎልኛል፣ ሰባቱም የሚጠይቁት ስለ አንድ ዓይነት ልጅ ነው፦ ኦቲዝም ስላለበት፣ ቃል ስለሚያጥረው፣ የሚፈልገውን በአፉ መናገር ስላልሆነለት ልጅ። ስለዚህ የሌሎቻችሁን ጥያቄ ለሚቀጥለው አቆይቼ ገጹን ሙሉ ለእነሱ ለቅቄያለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስምም አልጠቀስኩም። ለማታውቁኝ ደግሞ፣ ከእንዲህ ዓይነት ልጆች ጋር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ብዙም ተሳስቻለሁ። ከስህተቶቼ አንዳንዶቹን ከታች ታገኟቸዋላችሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል። «እማ» እንኳን ብሎኝ አያውቅም። የሚፈልገው ነገር ሲኖር መጥቶ እጄን ይይዝና ይጎትተኛል፣ ዕቃው ጋ ስንደርስ እጄን አንስቶ ዕቃው ላይ ያስቀምጠዋል። ፊቴን ግን አያየኝም። ውሃ ሲጠማው ብርጭቆውን ከፍ አድርጌ እይዝና «ውሃ በል! በል እስቲ! ው… ሃ!» እለዋለሁ። ያለቅሳል። አንጀቴ አይችልም፣ እሰጠዋለሁ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የምንውለው። አንድ ቀን ያወራ ይሆን? ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ እኮ እያናገረሽ ነው። እጅሽን ወስዶ ዕቃው ላይ ማስቀመጡ «ይሄን ክፈቺልኝ» ማለት ነው። ፊትሽን ስላላየ መልእክቱ መልእክት መሆኑ አይቀርም። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች በጣት መጠቆም ከመልመዳቸው በፊት በዚሁ መንገድ ነው የሚያልፉት። ስለዚህ ከዜሮ አትነሺም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጆሮው ተመርምሯል? «ይሰማል እንጂ፣ የብስኩት ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ከሌላ ክፍል ሮጦ ይመጣል» እንደምትይኝ አውቃለሁ። እሱ አይበቃም። አንዳንድ ድምፅ እየሰማ የንግግር ድምፆችን ግን በትክክል የማይለይ ልጅ አለ። «አይተባበርም» ተብሎ ከተመለሰም አትቀበዪ፤ ልጁ ተኝቶ እያለ የሚሠራ፣ የእሱን መልስ የማይጠብቅ የመስማት ምርመራ አለ።

አሁን ወደዚያች «በል» ወደምትባል ቃል እንምጣ። የማይናገር ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ አለች። እስቲ አንድ ቃል ለማውጣት ልጁ ምን ምን ማድረግ እንዳለበት አስቢው። ድምፁን ሰምቶ ከሌላው ድምፅ መለየት አለበት፣ ያ ድምፅ ከብርጭቆው ውሃ ጋር እንደሚገናኝ ማወቅ አለበት፣ «ይህን ለእሷ ብናገር ትሰጠኛለች» ብሎ ማሰብ አለበት፣ ከዚያ ደግሞ ትንፋሹን፣ ጉሮሮውን፣ ምላሱንና ከንፈሩን በቅደም ተከተል ማዘዝ አለበት። አንዳንዱ ልጅ የሚሰናከለው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። ቃሉን ያውቀዋል፣ አፉ ግን አልታዘዝ ይለዋል። ባለሙያዎች የንግግር አፕራክሲያ ይሉታል። እንግዲህ ልጁ ተጠምቶ፣ ብርጭቆው ፊቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እናቱም ጨንቋት እያየ፣ ከሁሉ የሚከብደውን ነገር አሁኑኑ አምጣ ይባላል። እኔም ብሆን አለቅሳለሁ።

ለሁለት ሳምንት «በል»ን ተዪያት። ውሃውን ስታነሺ አንዴ፣ ጥርት አድርገሽ «ውሃ» በይና ስጪው። አለቀ። እየጠጣ ሳለ «ውሃ… ቀዝቃዛ ውሃ» ብትዪ ጥሩ ነው። ከእሱ ምንም አትጠብቂ። «ይሄ ምንድን ነው?» የሚለውንም ጥያቄ ቀንሺው፣ ምክንያቱም አንቺ መልሱን እንደምታውቂው እሱም ያውቃል። ሲዘል «ዘለለ!»፣ ሲወድቅ «ወደቀ!»፣ በር ሲዘጋ «ተዘጋ!»። አንድ ወይም ሁለት ቃል ይበቃል። ረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቃሉ ይጠፋበታል።

ከዚያ ደግሞ ዝም ማለትን ልመጂ። የሚወደውን ነገር ውስጡ በሚታይ ዕቃ ውስጥ አድርገሽ ክዳኑን ጠበቅ አድርጊና ስጪው። መክፈት ያቅተዋል። አሁን ምንም አትናገሪ፣ ፊትሽን ወደ እሱ አድርገሽ በሆድሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። ብዙ እናት ሦስት ላይ ነው የምትሸነፈው፣ እኔም ብዙ ጊዜ ተሸንፌያለሁ። ዕቃውን ወደ አንቺ ከገፋው፣ ካየሽ፣ እጅሽን ከነካ፣ «እህ» እንኳን ካለ፣ ያ ነው የጠበቅሽው! ወዲያው «ክፈቺ!» እያልሽ ክፈቺለት። አሥር ደርሰሽ ምንም ካልመጣም ክፈቺለት። ነገሩን መያዣ አታድርጊው፣ ውሃና ምግብ ላይማ በፍጹም። ይህን የምታደርጊው እየተጫወታችሁ፣ ሁለታችሁም ደህና ስትሆኑ ነው።

የሚወደው የሰውነት ጨዋታ አለው? መወዛወዝ፣ መኮርኮር፣ በብርድ ልብስ መጠቅለል? «አንድ… ሁለት…» ብለሽ አምስት ስድስት ጊዜ ካደረግሽው በኋላ፣ በሰባተኛው «ሁለት» ላይ ቁሚ። የሚቀጥለውን ስለሚያውቀው የሆነ ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ ሰውነቱን ሊነቀንቅ ይችላል፣ በኋላ ያይሽ ይሆናል፣ ድምፅም ከመጣ ብዙ ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ነው የሚመጣው።

«አንድ ቀን ያወራ ይሆን?» ላልሽው ማንም ሰው ልጅሽን ሳያይ፣ አይቶም ቢሆን፣ ቃል ሊገባልሽ አይችልም። የማውቀውን ግን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ በአራት ዓመታቸው ቃላትን አያይዘው መናገር ያልቻሉ፣ በጥናቱ ጊዜ ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 535 ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች መረጃ የተመለከተ። 70 በመቶዎቹ ቃላት አያይዘው መናገር ደርሰው ነበር፣ 47 በመቶዎቹ ደግሞ አቀላጥፈው ያወሩ ነበር። ስለዚህ አራት ዓመት በር የሚዘጋበት ዕድሜ አይደለም። በሌላ በኩል፣ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላም ጥቂት ቃል ብቻ ይኖራቸዋል ወይም ምንም አይኖራቸውም። ልጅሽ ከየትኛው ወገን እንደሚሆን እስኪለይ እጅሽን አጣጥፈሽ አትጠብቂም። ሌላ መንገድ ዛሬ ትሰጪዋለሽ፣ እሱም የሚቀጥለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሦስት ወይም አራት ቃል አላት። የንግግር ቴራፒስቷ በሥዕል ካርድ እንጀምር አለችን። ባለቤቴ አልተዋጠለትም። «በሥዕል መግባባት ከለመደች ጭራሽ አፏን አትከፍትም፣ ለምን ብላ ትደክማለች?» ይላል። እኔም በልቤ እፈራለሁ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ቴራፒስቷን።

የባለቤትሽን ፍርሃት አልንቀውም፣ የሥራዬ መጀመሪያ ላይ እኔም ነበረኝ። ነገሩ ግን ተጠንቷል፣ አንዴም አይደለም። በሥዕል፣ በእጅ ምልክት ወይም ሥዕሉን ሲነኩት ቃሉን በድምፅ በሚናገር መሣሪያ የጀመሩ ልጆች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ የልጆቹ ንግግር አልቀነሰም። ወይ ባለበት ቆይቷል ወይ ጨምሯል። ጭማሪው ብዙ ጊዜ መጠነኛ ነው፣ ተአምር ጠብቂ አልልሽም። ግን አፍ ይዘጋል የሚባለው ወሬ ብቻ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። መናገር የምትችል ልጅ ካርድ ፍለጋ አትዞርም፣ አፏ ይፈጥንላታል። ካርዱን የምትጠቀመው አፏ ገና ስላልደረሰ ነው። ቃል ደግሞ ከአፍ እንደወጣ ይጠፋል፣ ሥዕሉ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።

በጣም የታወቀው ዘዴ ፔክስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ዴላዌር ውስጥ አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት የጀመሩት ነው፣ ስድስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ደረጃ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል፣ በጣም የምትወደውን ነገር፣ ኳስ እንበል፣ ይዞ። ሌላው ከኋላዋ ይቀመጣል። መሐል ላይ የኳስ ሥዕል አለ። ኳሱን ለመያዝ እጇን ስትዘረጋ ከኋላ ያለው ሰው ምንም ሳይናገር እጇን ወደ ካርዱ ይመራል፣ አንስታ የፊተኛው መዳፍ ላይ እንድታስቀምጥ ያግዛታል። የፊተኛው ሰው ወዲያው «ኳስ!» ብሎ ይሰጣታል። «ምን ትፈልጊያለሽ?» የለም፣ «ካርዱን ስጪኝ» የለም፣ «በይ እስቲ»ማ ጨርሶ የለም። የነገሩ ቁልፍ ይሄ ነው፦ ጀማሪዋ እሷ እንድትሆን። ስንጠይቃት ብቻ የምትመልስ ልጅ፣ ማንም ሳይጠይቃት ስትቀር ዝም ብላ ትቀራለች። ከኋላ ያለው እገዛ በየጊዜው ይቀንሳል። በሁለተኛው ደረጃ ካርዱም ሰውዬውም ከእሷ ይርቃሉ፣ ተነስታ ሄዳ መስጠት ትለምዳለች። ሥዕል ከሥዕል መለየት የሚመጣው ሦስተኛው ላይ ነው። ብዙ ቤተሰብ ግን በመጀመሪያው ቀን አሥር ሥዕል ደርድሮ «የቱ ነው ኳስ?» ይላል። ያ ፈተና ነው፣ «በይ እስቲ» በሌላ ልብስ መጣ ማለት ነው።

ባለቤትሽን ከኋላ አስቀምጪው። ዝም ማለት ያለበት እሱ ነው፣ አይከፋም።

አንድ የቋንቋ ነገር ላንሳ። በአራተኛው ደረጃ ልጆች በካርድ ዓረፍተ ነገር መሥራት ይጀምራሉ። በእንግሊዝኛ «እፈልጋለሁ» የሚለው ካርድ ከፊት ነው የሚለጠፈው። እንዳለ ተተርጉሞ ሲመጣ ልጁ «እፈልጋለሁ ኳስ» እያለ ይማራል። እንዲህ ብሎ የሚያወራ ሰው አይቼ አላውቅም! «ኳስ» ቀድሞ፣ «እፈልጋለሁ» መጨረሻ ይለጠፍ። እኛ የምናወራው እንደዚያ ነውና ልጅቷም ከጆሮዋ ጋር የሚገጥም ነገር ትይ።

ስህተቴን እናገራለሁ ብዬ የለ? መጀመሪያ የሠራሁት ሰሌዳ ላይ ሃያ ያህል ሥዕል ነበር፣ ሁሉም የሚበላ፣ የሚጠጣና መጫወቻ። ያምር ነበር። ልጁ ለሦስት ቀን በደንብ ተጠቀመበትና በአራተኛው ቀን ሰሌዳውን ወረወረው። አነሳሁት፣ ደግሞ ወረወረው። ሳምንት ያህል «አልወደደውም» ብዬ ከተውኩት በኋላ ነው የገባኝ። ሰሌዳው ላይ «እምቢ» የለም፣ «በቃኝ» የለም። ስለዚህ «እምቢ» ለማለት የቀረው መንገድ መወርወር ነበር። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማስገባቸው እነዚህን ነው፦ እምቢ፣ በቃ፣ ድገም፣ እርዳኝ፣ ክፈት፣ ና፣ ተመልከት። እንዲህ ያሉት ቃላት በየቦታው ይሠራሉ። «ብስኩት» የሚሠራው ብስኩት ሲኖር ብቻ ነው።

ቴራፒስቷ ቆይታ ወደ ታብሌት ልታሻግራችሁ ትችላለች። አፕሊኬሽኑ አማርኛ የማይናገር ከሆነ ድምፅ መቅዳት የሚፈቅደውን ምረጡና ቃላቱን ራሳችሁ ቅዱ። በእሷ ዕድሜ ያለች ልጅ ብትቀዳላት ደግሞ ግሩም ነው፣ የአባቷ ጎርናና ድምፅ ከእጇ ሲወጣ ግራ ይገባታል። ዋናው ሥራ ግን የእናንተ ነው። ስታወሩ እናንተም ሥዕሉን ንኩ። «እንሂድ» እያላችሁ «ሂድ»ን ንኩ፣ «ጨረስን» እያላችሁ «በቃ»ን። ሕፃን የመጀመሪያ ቃሉን ከማውጣቱ በፊት ዓመት ያህል ሲያዳምጥ ይከርማል። በሥዕል ሲወራ አይታ የማታውቅ ልጅ እንዴት በሥዕል ታወራለች?

ታብሌቱን ደግሞ ለቅጣት ብላችሁ እንዳትነጥቋት። አፏን እንደ መሸበብ ነው። ባትሪ ሲያልቅ የሚያገለግል የወረቀት ሰሌዳም አይጥፋ።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ትናገራለች፣ ግን መነጋገር አንችልም። «ውሃ ትፈልጊያለሽ?» ስላት «ውሃ ትፈልጊያለሽ?» ትለኛለች። አንዳንዴ ደግሞ ከቴሌቪዥን የሰማችውን ማስታወቂያ ቃል በቃል፣ ከነዜማው፣ ሳትጠየቅ ትለዋለች። ሰው ፊት ስታደርገው እፈራለሁ። «ዝም በይ» ማለት አለብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የለብህም። ልጅህ የምታደርገው ነገር ስም አለው፣ ኤኮላሊያ ይባላል። ሊዮ ካነር የሚባል የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ሲያስተዋውቅ ይህንኑ አስተውሎ ነበር። ለረጅም ጊዜ ትርጉም የለሽ ተደርጎ ይታይ ነበር፣ እናስቁመው የሚልም ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባሪ ፕሪዛንት የሚባል የንግግር ባለሙያና ሌሎች ተመራማሪዎች ልጆቹን በደንብ ሲከታተሉ ግን ድግግሞሹ ሥራ እንደሚሠራ አዩ። ልጆቹ በእሱ ይጠይቃሉ፣ «እሺ» ይላሉ፣ ራሳቸውን ያረጋጋሉ፣ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

በአማርኛ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ውሃ በሰጠሃት ቁጥር «እንኪ» ትላታለህ። ከእሷ አንጻር «እንኪ» ማለት ውሃ ሲመጣ የሚሰማ ድምፅ ነው። ስለዚህ ሲጠማት ወደ አንተ መጥታ «እንኪ» ትላለች። አንተ ወንድ ሆነህ ሳለ «እንኪ» ትልሃለች፣ ባዶ እጇን! አልተሳሳተችም፣ ከሰማችው ውስጥ የሚሠራውን ቃል መርጣለች። «ውሃ ትፈልጊያለሽ?»ም እንደዚያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ «አዎ» ማለት ነው።

ታዲያ ምን ታደርጋለህ? ጥያቄውን ትተህ እሷ ልትለው የሚገባውን ራስህ በእሷ ቦታ ሆነህ በልላት። ወደ ውሃው ስታይ «ውሃ እፈልጋለሁ» በልና ስጣት። «ውሃ ስጠኝ» ብትልም ያው ነው። ለአንተ «ስጠኝ»፣ ለእናቷ «ስጪኝ» መሆኑ ትንሽ ያደናግራል፣ በዚህ ግን አትጨነቅ፣ እናቷ ደግሞ የራሷን ትበልላት። ልጅቷ ድግግሞሽ ላይ ጎበዝ ናት አይደል? የምትደግመውን ነገር አስተካክለህ ስጣት። የራሷ ስትሆን ትሰባብራታለች። «ውሃ እፈልጋለሁ» ከሚለው «እፈልጋለሁ»ን ነጥላ ሌላ ነገር ላይ የምትለጥፍበትን ቀን ጠብቅ፣ ያን ቀን ጻፍልኝ።

ማስታወቂያውን በተመለከተ ለአንድ ሳምንት ደብተር ያዝ። መቼ አለችው? ከዚያ በፊት ምን ሆኖ ነበር? ፊቷስ? አንዲት የማውቃት ልጅ የሳሙና ማስታወቂያ ትደግም ነበር። እናቷ ስትከታተላት ሁልጊዜ የምትለው እጇ ሲቆሽሽባት ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ያን ያህል ቅርብ ነበር። የአንተዋ ምናልባት ስትደሰት ወይም ስትጨነቅ ታመጣው ይሆናል። ካወቅኸው በኋላ «ደስ አለኝ!» ወይም «ፈራሁ» የምትለውን ቃል በዚያው ቅጽበት ትሰጣታለህ።

ሰው ፊት ማፈርህን ደግሞ እረዳለሁ። ሰዉ ይለምዳል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አይናገርም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ራሱን በእጁ ይመታል፣ እጄንም ሁለት ጊዜ ነክሶኛል። አንዱ «ባለጌ ነው፣ ይቅጡት» ይለኛል፣ ሌላው «አድጓል፣ ከእንግዲህ ምንም አይማርም» ይለኛል። እኔ ደከመኝ ልጄ።

መልስ፦ እማማ፣ ሁለቱንም አይስሟቸው።

«ከቅርብ ጊዜ ወዲህ» ያሉት ነገር ነው መጀመሪያ ያሳሰበኝ። በድንገት የመጣ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ሆዱን ያሳዩት። የሆድ ድርቀት እነዚህ ልጆች ላይ የተለመደ ነው፣ ያማል። እኛ «አመመኝ» እንላለን። እሱ ይህን ቃል የለውም፣ እጅ አለው። በተለይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ጆሮው አካባቢ የሚመታ ከሆነ ለሐኪሙ ሳይረሱ ይንገሩት።

ሕመም ካልተገኘ፣ ከመምታቱ በፊት ያለውን አንድ ደቂቃ ያስተውሉ። ሥራ ሲሰጡት ነው? ጫጫታ ሲሆን? የያዘውን ሲወስዱበት? ወይስ እርስዎ ከሌላ ሰው ጋር ሲያወሩ? እ.ኤ.አ. በ1985 ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ የሚባሉ ተመራማሪዎች ያሳዩት ይህን ነው፦ ልጁ በመምታትና በመጮህ የሚያገኘውን ያንኑ ነገር በቃል የሚያገኝበትን መንገድ ሲያስተምሩት ጠባዩ ቀነሰ። ከሥራ ለመሸሽ የሚመታ ልጅ «እርዳኝ» ማለት ሲማር መምታት አላስፈለገውም። የእርስዎ ልጅ ቃል ከሌለው በካርድ ይሆናል። «በቃ» የሚል አንድ ካርድ፣ ሁልጊዜ በሚደርስበት ቦታ።

የሚያስተምሩት ግን በተናደደ ሰዓት አይደለም። በዚያ ሰዓት ማንም አይማርም፣ ዝም ብለው ራሱን እንዳይጎዳ ብቻ ይጠብቁት። ደህና ሲሆን፣ ትንሽ የማይወደውን ሥራ ያስጀምሩት፣ ፊቱ መለዋወጥ ሲጀምር፣ እጁ ከመነሳቱ በፊት፣ ካርዱን እንዲሰጥዎ እጁን ይምሩት። ሲሰጥዎ ወዲያው «በቃ! እሺ በቃ» ብለው ያቁሙለት። እውነት ያቁሙ። መጀመሪያ ላይ ሃያ ጊዜ «በቃ» ይልዎታል፣ ሃያውንም ጊዜ ያክብሩለት። «ታዲያ ምንም ሥራ ላይሠራ ነው?» ይሉኛል። ካርዱ እንደሚሠራ ካመነ በኋላ «አንድ ብቻ፣ ከዚያ በቃ» ማለት ይቻላል። መጀመሪያ እምነቱ።

መቅጣት የሚሉት ሰዎች፣ ልጁ ያለውን ብቸኛ ቃል በዱላ ቀሙት እያሉዎት ነው። ዘጠኝ ዓመት ደግሞ አልረፈደም። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ፣ ኮኒ ካሳሪ የምትባል ተመራማሪ በመራችው ጥናት ላይ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት የሆኑ፣ ጥቂት ቃል ብቻ ያላቸው 61 ልጆች ነበሩ። ሁሉም በጨዋታ ላይ የተመሠረተ ሥልጠና ሲያገኙ፣ ከመጀመሪያው የሚናገር መሣሪያ የተጨመረላቸው የበለጠ ተሻሻሉ። ከዚያ በላይ ዕድሜ ላይ ንግግር የጀመሩም አሉ፣ ካርድና መሣሪያ ለመልመድ ደግሞ ዕድሜ ምንም አያግድም።

እርስዎም ይረፉ እማማ። በቀን አንድ ሰዓት እንኳን ሌላ ሰው ይያዝልዎ። ይህን የምለው ለልጁም ብዬ ነው፣ ካርዱን ለሌላ ሰውም መስጠት መልመድ አለበትና።

ጥያቄ፦ ቤታችን ውስጥ ሁለት ቋንቋ ይነገራል። አንዱን ብቻ አውሩት፣ ይደናገራል ተባልን። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በሁለት ቋንቋ የሚያድጉ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በአንድ ከሚያድጉት ወደ ኋላ እንዳልቀሩ ጥናቶች አሳይተዋል። ይልቅ የማይመቻችሁን ቋንቋ ልታወሩት ስትሞክሩ ነው ቤቱ ዝም የሚለው። አንጀታችሁ በሚያወራበት ቋንቋ አውሩት። ካርዱ ላይ ያለው ሥዕል ለሁለቱም ያገለግላል።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ 11 ዓመቱ ነው፣ ምንም አይናገርም። አንዲት ሴት እጁን ደግፋ ፊደል ሰሌዳ ላይ ስታስጽፈው «እናቴን እወዳታለሁ፣ ሁሉም ይገባኛል» ብሎ ጻፈ። ቤተሰቡ ሁሉ አለቀሰ። ብቻዋን ስትሆን ግን እህቴ አንድ ፊደል ልታስጽፈው አልቻለችም። ምን ልበላት?

መልስ፦ ይህን መጻፍ ከብዶኛል፣ ግን ልንገርሽ። የጻፈችው ሴትዮዋ ናት። ዋሽታ ላይሆን ይችላል፣ ራሷም ሳታውቀው ነው የሚሆነው። ዘዴው የታገዘ መግባባት ይባላል፣ ከአውስትራሊያ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካን አጥለቅልቆ ነበር። ከዚያ ተፈተሸ። ለልጁና እጁን ለያዘው ሰው የተለያየ ሥዕል አሳዩ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ። የሚጻፈው ልጁ ያየው አልነበረም፣ የያዘው ሰው ያየው እንጂ። የአሜሪካ የንግግርና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ዘዴውን እንዳይጠቀሙበት በግልጽ አስታውቋል።

ለእህትሽ «ልጅሽ አይገባውም» እንዳትያት። ያ ከዚህ አይወጣም። የማይናገር ልጅ ምን ያህል እንደሚገባው ከውጭ ማወቅ ከባድ ነው፣ ብዙ እንደሚገባው አስቦ ማውራቱም ጥሩ ነው። ፊደል የሚወድ ከሆነ ደግሞ መጻፍ ይማር፣ ማንም እጁን፣ ክንዱን፣ ትከሻውን ሳይነካው፣ ሰሌዳውንም ሳያንቀሳቅስለት። ቀስ ይላል። በሦስት ወር አንድ «እምቢ» ብቻ ቢጽፍ፣ ያቺ «እምቢ» የራሱ ናት።

ጥያቄ፦ 12 ዓመቴ ነው። ታናሽ ወንድሜ አምስት ነው፣ ኦቲዝም አለበት፣ አያወራም። አብሬው ልጫወት ስሄድ ዞር ይልብኛል። አይወደኝም እንዴ?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። አይወደኝም ብለህ አትደምድም፣ አንተ ይዘህ የምትመጣው ጨዋታ ነው ያልገባው። ስለዚህ ያንተን ተወውና ወደ እሱ ጨዋታ ግባ። መኪናውን ገልብጦ ጎማውን ብቻ ያሽከረክራል? ሌላ መኪና ፈልግ፣ ሳትጠጋው ጎኑ ቁጭ በል፣ አንተም ገልብጠህ ጎማውን አሽከርክር። «መኪና እንዲህ አይነዳም» አትበለው። እሱ ሲያቆም አቁም፣ ሲጀምር ጀምር። «ዙዙዙ» ካለ አንተም «ዙዙዙ» በል። በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይሆን ይችላል። የሆነ ቀን ግን ያቆምና በጎን ያይሃል፣ ይከተለኝ እንደሆነ ልፈትነው ብሎ። በዚያን ጊዜ ተከተለው።

ትንሽ ሲቆይ አንተ መጀመሪያ አሽከርክርና ቁም። ጠብቅ። እጁን ወደ መኪናህ ከላከ «ድገም!» በልና አሽከርክርለት።

ቤት ውስጥ ማንም ሰው «በል እስቲ! ወንድሜ በል!» ሲለው ከሰማህ ደግሞ፣ ይቺን ገጽ አሳየው።